ልኬት በፖስታ አይላክም

ጥቅምት 6

ለመርፌዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ እያልኩ ወረቀት አልፈጅም። ደህና ባትሆኚ ኖሮ ያን የሚያህል የምክር ደብዳቤ ለመጻፍ አቅም ባላገኘሽ። እኔም አለሁ። ሞት እስከ ምድር ቤት መጥቶ ሦስት ፎቅ መውጣት ታክቶት የተመለሰ ይመስለኛል።

ብቻህን እንዴት ትውላለህ ላልሽኝ፣ ይኸውልሽ። ጠዋት እጄ ከእኔ ቀድሞ ይነቃና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሻይ ስቀዳ ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለወለሉ ያዳርሳል፤ ቸር እጅ ነው። እግሬ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ደህና ሲሄድ ይቆይና ደፍ ላይ ሲደርስ እንደ ግንድ ይተከላል። ያን ጊዜ ከፊቱ አንድ ነገር ጣል አደርግለታለሁ፤ ማበጠሪያም ቢሆን፣ ቁራጭ ጨርቅም ቢሆን። ያንን ለመሻገር ሲል ይነሳል። እግር እንደ ሰው ነው፤ እንቅፋት ካላየ አይነቃነቅም። ሸሚዜን የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ፈትቼ እንደ ሹራብ በራሴ አጠልቀዋለሁ። የሰው ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ልብስ ሰፊ የራሴን መቆለፍ አቃተኝ ብለሽ ብትስቂ አልቀየምሽም፤ እኔም ስቄያለሁ።

እርዳታ ጠይቅ ያልሽውን ግን መልሰሽ ውሰጂው። «እባካችሁ» የምትል ቃል አፌ ውስጥ አታድርጊብኝ፤ ጥርስ ስለሌለ ትወድቃለች። እኔ ሰው አልጠይቅም፤ እልህ አስገባለሁ። ባለፈው የጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን ምድር ቤት ጥሎት ሄደ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው መምህር ሲያልፍ ከላይ ሆኜ፣ «ተወው አንተ ልጅ፣ ይሄ ወገብ ላለው ሰው ነው!» አልኩት። እንደ ትራስ አቅፎ አመጣልኝ። ምድር ቤት ያለችውን ወይዘሮ ደግሞ «በዚህ ዘመን ሸሚዝ መተኮስ የሚችል ሰው የት ይገኛል!» እላታለሁ። በማግስቱ ሸሚዜ እንደ ብራና ተወጥሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካፖርት ቆርጬልሻለሁ፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ። መቀሱን በሁለት እጄ ይዤ ነው የቆረጥኩት። በረጅም ክር አያይዤዋለሁ፤ የቀረው አንቺ ለብሰሽው እኔ ትከሻውን ማየት ነው። ልኬት በፖስታ አይላክም። እጄ ደግሞ ከወር ወር እየባሰበት ነው፤ ዛሬ መርፌ ይይዛል፣ ከክረምት በኋላ ማንኪያ ከያዘም ምስጋና ነው። ግን አትመጪም። የቢሮ ወንበር ያሰፋው መቀመጫ ሦስት ፎቅ አይወጣም።

የእጅ ጽሕፈትሽንስ ምን ነካው? ዶሮ የጫረው አመድ ይመስላል። እኔ እንኳ የመርፌ ትራሴን አሸዋ ሞልቼ፣ አንጓዬ ላይ አስሬ፣ መስመር ጠብቄ እጽፍልሻለሁ። ስልክ አትደውዪ፤ በስልክ ጆሮዬ ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማም።

የማትመጪውን የምጠብቅ፣
አያትሽ

*

ጥቅምት 25

አባባ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አንብቤ ከት ብዬ ስስቅ አለቃዬ በመስታወቱ በኩል አየኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ከሳቀ ትልቅ ስህተት ተገኝቷል ማለት ስለሆነ ደንግጦ መጣ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴን ያበላሸው ብዕሩ ነው።

በፊት ትለብሺዋለሽ ወይ ብለህ የጠየቅኸኝን ቀሚስ፣ ያ ከኋላው ትንንሽ ቁልፍ የደረደርክበትን፣ አዎ እለብሰዋለሁ። ማን ሰፋልሽ የማይለኝ የለም።

አንተ ግን ያልነገርከኝ ብዙ ነገር አለ። የታሸገ ብልቃጥ እንዴት ትከፍታለህ? ያጠብከውን ልብስ እንዴት ትጨምቃለህ? ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ የምታንቀሳቅሰው የቱን ነው? በዝርዝር ጻፍልኝ። አትቀልድ። ወይም ቀልድ፣ ግን ጻፍልኝ።

ስለ መምጣቱ፣ ሥራ በዝቶብናል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለኅትመት መድረስ አለበት። እሱ ካለቀ እናያለን።

ሰው እልህ ማስገባትህን ተው፣ አባባ። ሁሉም ሰው እንደ መምህሩ አይደለም። የሚሰበርም አለ።

መርፌህ

*

ኅዳር 10

ለመርማሪዬ፣

ቃሌን ልስጥ። ብልቃጥ ሲሆን፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ክዳኑን በማጠፊያው በኩል ባለው ክፍተት አስገባለሁ፤ በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ክዳኑን ካስነከስኩት በኋላ ብልቃጡን በሁለት መዳፌ አዞራለሁ። እርጥብ ልብስ ሲሆን፣ ቧንቧው ላይ ጠምጥሜ በክንዴ እጎትተዋለሁ፤ ጣት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ጠዋት መጀመሪያ የማንቀሳቅሰው ምላሴን ነው፤ እሷ ከሠራች ሌላው ይከተላል። ከዚያ በጎኔ ተንከባልዬ እግሬን ቁልቁል እለቀዋለሁ፤ ክብደቱ ራሱ ያነሳኛል።

ምን ልታደርጊበት ነው ግን? አኗኗሬን መጽሐፍ ልታሳትሚው ነው? ሽፋኑ ላይ ጥርስ ያለኝን ፎቶ አድርጊ።

የላክሻት ረዳት ሳምንት አልሞላችም። ሳህኑን እሹሩሩ ስትለው አይቼ፣ «እጠቢው እንጂ፣ መች አስተኚው አልኩሽ» ብላት ሽርጧን ሚስማር ላይ ሰቅላ ወጣች። ሽርጡ ጥሩ ነው፤ ኪሱን አስተካክዬለታለሁ።

የምድር ቤቷም ወይዘሮ አኮረፈችኝ። ሾርባ ይዛልኝ መጣች። መምህሩም ተቀምጦ ነበር። ቀመስኩና፣ «ባልሽ ለምን እንደ ጠፋ ዛሬ ገባኝ፤ ለካስ የውሃ ጥም ነው የወሰደው» አልኳት። መምህሩ ሳቀ። እሷ ድስቷን ከፊቴ አንስታ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሸሚዜ እንደ ግንባሬ ተጨማዶ ነው የምውለው። ቀልድ ከማያውቅ ጎረቤት ይሰውርሽ።

ስለ ግራ እጄ መምህሩ ጽፎልሽ ከሆነ አትስሚው። የነካኝ ምድጃ ነበረ፤ አሁን እሱም የለም። በቀዝቃዛ ነገር መኖር ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

ካፖርትሽ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሳልፍ ሳገድም አንቺ መስለሽኝ ስድብ አሰማዋለሁ። እሱም እንዳንቺ መልስ የለውም። ወፍራም መጽሐፍ አልሽኝ? ወፍራሙስ ሰበብሽ ነው።

አያትሽ

*

ታኅሣሥ 1

አባባ፣

ያ መጽሐፍ አለቀ። እመጣ ይሆናል። ቀኑን አልነግርህም፤ ከነገርኩህ ደረጃው ላይ የምትሰድበኝበት ንግግር አዘጋጅተህ ትጠብቀኛለህ።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። የደረጃው መደገፊያ በየትኛው በኩል ነበር? አሁንም እስከ ላይ ይደርሳል? መሀል ላይ ወንበር ወይም የሚቀመጡበት ነገር አለ? ለዕቃ ብዬ ነው፤ ቦርሳ ስለምይዝ።

የበር ማጠፊያው ዘዴ ይሠራል። ለመሳቅ ያህል ሞክሬው ነው።

የእጅህን ነገር ደብቀኸኛል። እሺ። እኔም አልጨቀጭቅህም።

መርፌህ

*

ታኅሣሥ 15

ለልዕልቴ፣

መቀመጫ! ደረጃው መሀል መቀመጫ! ምነው ምንጣፍና ጃንጥላ ያዥ ረሳሽ? እኔ ሽማግሌው ያልጠየቅሁትን አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ጠየቅሽ። መደገፊያው በቀኝ በኩል ነው፤ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ተነቅሏል። የሚቀመጡበት ነገር ሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ለሰነፍ ይቀዘቅዛል።

ትዝ ይልሻል? እናትሽ እኔ ዘንድ ትታሽ የሄደች ጊዜ ይህን ደረጃ አልወጣም ብለሽ እየተንሰቀሰቅሽ ታች ትቀመጪ ነበር። እኔ አልወርድልሽም። ከላይ ቆሜ «ካልቻልሽ ተመለሺ!» እላለሁ። አንቺ እንባና ንፍጥሽን በእጅጌሽ ጠርገሽ፣ በእልህ እየተንደረደርሽ መጥተሽ ጉልበቴን ትመቺኛለሽ። ሰው ያደረገሽ እሱ ነው፤ ወተቱ አይደለም። ያቺ ልጅ የት ሄደች? ቦርሳ የሚከብዳት፣ መደገፊያ የምታጠያይቅ አሮጊት ነው የላከችልኝ።

አትመጪም። ከካፖርቱ ጋር ተወራርደናል፤ እሱ ትመጣለች ብሏል። የዋህ ነው፣ ገና አልተጠናቀቀም።

አያትሽ

*

ጥር 9

ለጠፋችው፣

አንቺ ዝም ስላልሽ የምስቅበት ሌላ ሰው እግዜር ላከልኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል እግሬ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ተተከለ። እዚያው ቆሜ ከእግሬ ጋር ስደራደር ታች ደረጃው ላይ አንድ ሰው ሲያለከልክ ተሰማኝ። እኔ ደንቆሮው ከሰማሁ እንዴት ቢያለከልክ እንደሆነ ገምቺ። ትንሽ ይረግጣል፣ ቆም ይላል፣ ያለከልካል። ቆጣሪ አንባቢው መሰለኝ፤ ወፍራም ነው።

«ማነው እዚያ እንደ አሮጌ መኪና የሚያጓራው?» ብዬ ለቀቅሁበት። ጨመርኩለት፦ «ቆጣሪው ወደ አንተ አይወርድልህም! ካልቻልክ ተመለስ!»

በእልህ ተንደርድሮ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው እውነትም ተመለሰ! ለመውጣት ከፈጀበት ይልቅ ለመውረድ የፈጀበት ይበልጣል። እንዲህ ያለ እልህ የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም። በሳቅ ብዛት እግሬ ራሱ ተነቀለልኝ።

በኋላ ግን ቆጨኝ፤ ቢመጣ የሱፉን ጠርዝ ይይዝልኝ ነበር።

እመጣ ይሆናል ያልሽው እንግዲህ ተረት ሆነ። ካፖርቱ ውርርዱን ተሸንፏል። አንገቱን ደፍቶ ተሰቅሏል።

አያትሽ

*

ጥር 28

ይድረስ ለእርስዎ፣

ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ተኝቼ ነበር።

የቆጣሪ አንባቢውን ወሬ አነበብኩት። እንዳሳቀዎት ጽፈዋል። እግርዎንም ስለነቀለልዎት ደስ ብሎኛል። ለመውረድ ብዙ ጊዜ የፈጀበት ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት ነው። መደገፊያውን በጣቶቹ መጨበጥ አይችልም፤ በክርኑ ነው የሚንጠለጠለው። መገጣጠሚያዎቹ ካበጡ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ አይድንም፣ ግን ይኖሩበታል ብሎታል። እንዴት እንደሚኖሩበት አላስረዳውም። ስለዚህ ብልቃጥ እንዴት እንደሚከፈት፣ ልብስ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚነሱ ከሚያውቁት ብቸኛ ሰው በደብዳቤ እየጠየቀ ይማር ነበር።

ቀሚሱን እለብሰዋለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። ከኋላ ያሉትን ቁልፎች ቆርጬ ጥያቸዋለሁ። እኔም መቀሱን የያዝኩት በሁለት እጄ ነው።

ካፖርቱን ለሌላ ሰው ይስጡት።

ቦርሳዬ አንደኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ቀርቷል። ውስጡ ያለው ይጠቅምዎት ይሆናል። እኔ ሌላ አዘጋጃለሁ።

አክባሪዎ

*

የካቲት 20

መርፌዬ፣

አንቱ አልሽኝ። በዱላ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ቢያንስ ቀረብ ይላል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ወረድኩ። እንዴት ወረድክ አትበይኝ፤ እንደ ሕፃን በመቀመጫዬ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየተንሸራተትኩ። የሱሪዬ መቀመጫ አልቋል። ደህና ሱሪ ነበር። ማረፊያው ላይ ምንም የለም። እስከ ምድር ቤት ወረድኩና የወይዘሮዋን በር በክርኔ መታሁ። ስትከፍተው ቦርሳሽ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ የማነው?» አልኳት።

«የልጅ ልጅዎ ነው። ውሃ ይዤላት ወጥቼ አብረን ተቀምጠን ነበር። ላሳርፍሽ ብላት፣ ‹ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እደርሳለሁ› ትለኛለች። ከዚያ እርስዎ ከላይ ጮሁ።»

«ምን አለች?»

«‹የአባባ ድምፅ ነው፤ አልተለወጠም› አለች። ብርጭቆውን መለሰችልኝና ተነሳች። ቦርሳውን ለማንሳት ጣቷ እምቢ አላት።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ሳትነግሪኝ!»

«የውሃ ጥም ወስዶኝ ነው» አለች፤ ቦርሳውን አውጥታ እግሬ ስር አኖረችና በሩን ዘጋችው።

መርፌዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስነድፍ እንዲህ ቦታውን የሚያውቅ ንድፊያ አላየሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጨበጨብኩላት። እጄ ራሱ አጨበጨበ ብል ይሻላል።

ቦርሳሽን እዚያው ከፈትኩት። እጀታው በጨርቅ የወፈረ ማንኪያ። ክዳን የሚይዝ ላስቲክ። ረጅም የጫማ ማንኪያ። ለብዕር የሚሆን የተጠቀለለ ስፖንጅ። አዲስ መስለውኝ ነበር፤ አይደሉም። ማንኪያው ላይ ያለው ጨርቅ አውራ ጣትሽ በሚያርፍበት በኩል ሳስቷል። ስፌቱን አየሁት። እኔ ያስተማርኩሽ ስፌት ነው፤ ግን አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ የተሳተ። ልብስ ሰፊ ስፌት ሲያይ እጁን ያያል። የማይጨበጥ እጅ አየሁ። የራስሽን ይዘሽልኝ መጥተሽ ነው።

እንግዲህ ያልሽኝን ልሞክር ብዬ መምህሩን በር ላይ ጠበቅሁት። «ልጄ፣ እባክህ፣ ይቺን ወንበር አንደኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ አድርስልኝ» አልኩት። ግንባሬን በመዳፉ ነካ። «ደህና ነዎት? ሐኪም ልጥራ?» አለ። ደህና መሆኔን ሲያይ፣ «ዛሬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ ሌላ ቀን» ብሎ ገባ። ሲሊንደር እንደ ትራስ የሚያቅፍ ሰው! ለካስ እልህ ያልገባ ሰው ጊዜ የለውም።

ወገብህ እንደሆነ አውቃለሁ ብለው ኖሮ ወንበሩን ከነእኔ ያወርደው ነበር። አላልኩም። በገመድ አስሬ ከፊቴ እየለቀቅሁ፣ እኔም በመቀመጫዬ እየተከተልኩ ራሴ አወረድኩት። አሁን ማረፊያው ላይ ነው። የምጽፍልሽ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ካፖርቱም ጉልበቴ ላይ ነው። ሦስት ፎቅ መውጣት የለብሽም። አንቺ እስከዚህ ውጪ፣ እኔ እስከዚህ እወርዳለሁ። ትከሻውን አይቼ እለቅሻለሁ።

መምህሩ ላይ አልሠራም፤ አንቺ ላይ ልሞክረው። እባክሽ ነይ።

አያትሽ

*

መጋቢት 12

አባባ፣

ያቺን ቃል አየኋት። አራሚ ስለሆንኩ ደጋግሜ አነበብኳት። ስህተት የለባትም። ዘገየች እንጂ።

ጉልበት ለእኔ እንደ ሱፍህ ተለክቶ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ለዚያ ቀን ብዬ ሳላበስል፣ ልብስ ሳላጥብ፣ ጸጉሬን ሳልነካ እያጠራቀምኩ ቆየሁ። ያለኝን ሁሉ ደረጃህ ላይ ጨረስኩት። ከተመለስኩ ወዲህ ማተሚያ ቤት አልገባሁም። ጸጉሬን የምታበጥርልኝ ጎረቤቴ ናት። እኔው ነኝ የጠየቅኋት። «እባክሽ» አልኳት። ካንተ ቤት ለወጣ ሰው ያቺ ቃል ከሦስት ፎቅ እንደምትከብድ አሁን አንተም አውቀኸዋል። እሷ ግን «ማበጠሪያው የት አለ?» ነው ያለችኝ። ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎኛል። አንድም ቢሆን። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሌላ ወረቀት አገላበጠ።

አልመጣም፣ አባባ። እልህ ላስገባሽ እንዳትል። ትንሽ ሳለሁ ብዙ አስገብተኸኝ ነበር፤ እሱም አልቋል።

ብዕሩን የያዝኩት በአዲሱ ስፖንጅ ነው። ጽሕፈቴ ተሻሽሏል?

መርፌህ

*

ሚያዝያ 3

መርፌዬ፣

አልተሻሻለም። ዶሮዋ አሁን ጫማ አድርጋ መጫር ጀምራለች።

አልመጣም ያልሽው ገብቶኛል። ካፖርቱን ያለ ልኬት እጨርሰዋለሁ። ለባለ ሙያ ነውር ነው፤ ይሁን። ሰፊ አደርገዋለሁ፤ በየትኛውም ክንድ ይጠለቃል። ቁልፍ የለውም። የቁልፍ ቀዳዳውን ቀድሜ ከፍቼው ስለነበር መልሼ እየደፈንኩት ነው። አንዱን ለመድፈን ሳምንት ይፈጅብኛል፤ ሌላ ቀጠሮ ስለሌለኝ አልቸኩልም።

መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አልችልም። ወይዘሮዋን «እባክሽ» አልኳት። «ነገ» አለችኝ። በነጋታውም «ነገ» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ነገን አልከለከለችኝም። ዛሬ መርፌውን በበሩ ስር አሾልኬላት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ክር ገብቶበት ደፉ ላይ አገኘሁት። ክሩ ነጭ ነው፤ ሱፉ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ሆን ብላ ነው። በነጩ ሰፋሁበት።

በየቀኑ ማረፊያው ላይ ወርጄ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። እንድትመጪ አይደለም። ትናንት ታች አንድ ሰው ሲያለከልክ ሰማሁ። አፌ ተከፈተ፤ ምላሴም ተዘጋጅታ ነበር። ነከስኳት። ይህኛው የእውነቱ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ተነሳሁና ወንበሩን ለቀቅሁለት።

ሰውዬው ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። «ምን ነካዎት፣ አባት?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ልምምድ ነው።»

አያትሽ